ቁልፉን ካስረከቡ በኋላ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጫለሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፋግታ ለኮማና ከቢቸና የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሳይፈልጉት የመጣ ለውጥ ሥራቸውንና ኑሯቸውን ሲያናውጠው ምን ማድረግ እንዳለባቸው። ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሰጠሁት መልስ ረዘም ብሏል፤ ነገሩ በአንድ ወቅት በእኔም ላይ የደረሰ ስለሆነ አሳጥሬ ልጽፈው አልቻልሁም።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በአንድ የግል የዱቄት ፋብሪካ ለ14 ዓመታት የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የገባውንና የወጣውን ስንዴ፣ ባዶውን ጆንያ እንኳ ሳይቀር በካርድ ስመዘግብ ኖሬ አንድ ኩንታል ጎድሎብኝ አያውቅም። ከሁለት ወር በፊት ድርጅቱ የንብረት አያያዙን ወደ ኮምፒውተር አዞረና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ በቦታዬ አስቀመጠ። እኔን በር ላይ ሆኜ የሚገባና የሚወጣ መኪና እንድመዘግብ አደረጉኝ። ደመወዜ አልተነካም። ቁልፉን ያስረከብሁ ዕለት ማታ ቤቴ ስደርስ በልማዴ ኪሴን ዳበስሁ፤ አሥራ አንድ ቁልፍ ያለበት ቀለበት ዘወትር ከሚከብደኝ ቦታ ላይ የለም። ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኋትም። እድር ላይ «ጋሼ፣ መጋዘኑ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ በመፍራት ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። እንቅልፍ ከራቀኝ ሰነበተ። መልቀቂያ ላስገባ? ወይስ እንደምን አድርጌ ልልመደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድመው የደረሰብዎትን ነገር በስሙ ይጥሩት፤ ሐዘን ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚደረገው ይታወቃል። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው እየተቆጠረ ሐዘንተኛው ከሰው ጋር ያለቅሳል፣ ከሰው ጋር ይጽናናል፤ ቀኑም ሲደርስ ሥርዓቱ ራሱ ከሐዘን ያወጣዋል። ለ14 ዓመት የሰው ፊት ያየበት፣ ስሙ የተጠራበት ሥራ ከእጁ ለወጣበት ሰው ግን ድንኳን የሚተክልለት የለም። እንዲያውም «ደመወዝህ እንዳለ ነው፣ ምን ጎደለብህ?» የሚለው ይበዛል። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ክፉዎች ሆነው ሳይሆን የሚቆጥሩት ገንዘቡን ብቻ ስለሆነ ነው። እርስዎን የጎደለብዎ መታመን ነው፤ የቁልፉ ክብደትም የመታመንዎ ክብደት ነበር። ስለዚህ «ቶሎ እርሳው» የሚል ምክር ከእኔ አይጠብቁ።

ሐዘኑ ግን እየከበደ የሄደው ስለደበቁት ነው። ለባለቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሯት። አብራዎ የምታድር ሴት እንቅልፍ ማጣትዎን አላወቀችም ማለት አይቻልም፤ ያላወቀችው ምክንያቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋውን ይገምታል፤ ምናልባት በሽታ እንደደበቁ፣ ምናልባት ዕዳ እንደገቡ፣ ምናልባትም ልብዎ ወደ ሌላ እንደሄደ ታስብ ይሆናል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡናው ላይ ወይም ራት ከተነሣ በኋላ፣ በጻፉልኝ ቃል ይንገሯት፤ ኪስዎን ሲዳብሱ ምን እንደተሰማዎ ሳይቀር። መፍትሔ ይዘው መቅረብ የለብዎትም። እድሩም ላይ «አሁን በር ላይ ነው የምሠራው፣ መጋዘኑን ሌላ ሰው ይዞታል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው ይሂዱ። የፈሩትን ጥያቄ አንድ ጊዜ ከመለሱት ሁለተኛ የሚጠይቅዎ አይኖርም፤ እየሸሹ እስከኖሩ ድረስ ግን በየመንገዱ ይጠብቅዎታል።

ይህን የምለው በራሴ ስላየሁት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጎጃም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። በዚያን ጊዜ በየክፍሉ ፕላዝማ የምንለው ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱም በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ጀመር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ መጀመሪያ ላይ የማስተዋወቂያ፣ መጨረሻ ላይ የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩለታል። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ጠመኔ በእጄ ይዤ ከሣጥኑ ጎን ቆሜአለሁ፤ ስልሳ የሚሆኑ ተማሪዎች አሻግረው የሚያዩት እኔን ሳይሆን የማላውቀውን ሰው ነው። ስለ ወንዞች አሠራር ሲያስረዳ አባይን በረሃውን ወርደው የሚያውቁ ልጆች ፊት እኔ የምናገረው አጣሁ። ጠመኔው በላቤ ረጥቦ በጣቶቼ መካከል ተሰበረ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «ከእንግዲህ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚዘጋ ዘበኛ ሆኛለሁ» አልኋት፤ ያን ዓመት ሙሉ ማለት ይቻላል በቁጣ አሳለፍሁት።

ከቁጣው ያወጣችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ መጥታ «መምህር፣ ሰውዬው ይፈጥናል፤ የተናገረውን ከሰዓት በኋላ በአማርኛ ይደግሙልን?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የተወሰደብኝ ሰሌዳው ነው፤ ልጆቹ የሚፈጥንባቸውና የሚገባቸው የቱ እንደሆነ ማወቄን ግን ማንም አልወሰደብኝም። በየዕለቱ የሚመጣውን ትምህርት ከመጽሐፉ ላይ ቀድሜ አንብቤ፣ ከባድ ቃላቱን ጠዋት በሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት መድገም ጀመርሁ። የመብራት መቋረጥ ባጋጠመ ቀን ደግሞ ያ የተናቀው ጠመኔ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ይመራ ነበር። ፕላዝማውን ወድጄው አላውቅም። ዛሬም ቢሆን ለእኛ ተማሪዎች በዚያ መልክ መምጣቱ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። አንድን ለውጥ መልመድ ማለት ትክክል ነው ብሎ መመስከር እንዳልሆነ ግን ከዚያ ወዲህ ተረድቻለሁ፤ እርስዎም ለድርጅቱ ውሳኔ ልብዎ እስኪፈቅድ ድረስ መጠበቅ የለብዎትም።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። ያ ወጣት የማያውቀውን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ይጻፉት። ስንዴ ሲመጣ ከጆንያው መሐል ዘግነው ጥርስዎ ላይ ሲሰብሩት በድምፁ ብቻ መድረቁን ይለያሉ። በክረምት የትኛው ግድግዳ እንደሚያልበው፣ ጆንያ ከግድግዳ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ ርብራብ ያልተደረገበት ወለል ላይ ያደረ ስንዴ በስንት ቀን እንደሚሸት፣ ነቀዝ በመጀመሪያ የሚታይበት ጥግ የትኛው እንደሆነ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ክምሩ እንዴት መደርደር እንዳለበት ያውቃሉ። ኮምፒውተሩ ከመጋዘኑ ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ ይናገራል፤ ኩንታሉ ደኅና መሆኑን ግን የሚናገር ሰው ነው።

ይህን የምልዎ እርስዎን ለማባበል አይደለም፤ ሁለተኛው ወገንም አለና። ልጁ የሚያውቀውን እርስዎ አያውቁትም፤ ከእሱ መማርም ይኖርብዎታል። ይህ ለአንድ ጎጃሜ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ተመርቆ፣ «መሪጌታ» ተብሎ የተከበረ ሰው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊያስመሰክር በጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ሲሄድ፣ ወይም አቋቋም የሚባለውን የዝማሬ ሥርዓት ሊማር ጎንደር ሲገባ፣ በዚያ ጉባኤ እንደገና ተማሪ ነው፤ በዕድሜ ከሚያንሰው መምህር እግር ሥር ይቀመጣል፣ ከታናናሾቹ ጋር ይቀጽላል። ማንም «ተዋረደ» አይለውም፤ የቅኔ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በዚያ ላይ የቅኔ ቤት አጀማመር ራሱ ትምህርት አለው። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይጠየቅም፤ የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባላት በጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል።

እርስዎም በጉባኤ ቃናው ይጀምሩ። ኮምፒውተሩን በሙሉ ልወቀው አይበሉ። ልጁን በምሳ ሰዓት «አንድ የገቢ ደረሰኝ ስትመዘግብ ልይህ» ይበሉት። ሲያዩት የሚደንቅዎ ነገር አለ። በካርድዎ ላይ 14 ዓመት የሞሏቸው ገቢ፣ ወጪና ከወጪ ቀሪ የሚባሉት ሦስቱ ዐምዶች በመስኮቱ ላይ እንዳሉ ተደርድረው ያገኟቸዋል፤ የተለየው የመደመሩንና የመቀነሱን ሥራ ማሽኑ መሥራቱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ራስዎ ይመዝግቡ፣ እሱ ይይልዎ። እርስዎም በተራዎ አንድ ቀን እጁን ይዘው ያንን የሚያልበውን ግድግዳ ያስዳብሱት። ልጁ ቦታዎን ለመንጠቅ የመጣ አይደለም፤ ተቀጥሮ ነው የመጣው። አስታውሱ ብዬ የምለምንዎ፣ ምናልባት እሱም 14 ዓመት ከሠራ ሰው ወንበር ላይ መቀመጡ ጨንቆት ሌሊት የማይተኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ መልቀቂያው የምናገረው ጠበቅ ያለ ነው፤ ብስጭት ላይ ሆነው አይጻፉት። አስቀድሞ መሠራት ያለበት ሥራ አለ። ቁልፉን ሲያስረክቡ ቆጠራ ተደርጎ፣ የተቆጠረው ከካርዱ ጋር ተመሳክሮ፣ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ የፈረሙበት የርክክብ ሰነድ በእጅዎ አለ? በደብዳቤዎ ላይ አልጠቀሱትም፤ ያሳሰበኝም ይህ ነው። ቁልፍ ብቻ ሰጥተው ከሆነ ነገ ለሚጎድለው ሁሉ ስምዎ ሊጠራ ይችላልና ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ጠይቀው ቆጠራ ይደረግ። እንዲሁም አዲሱን የሥራ መደብዎን፣ ተግባርዎንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የቃል ምደባ ዛሬ ደመወዝዎን ባይነካም ከዓመት በኋላ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም ከልብዎ ያኑሩት። (አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም፤ የመጋዘን ኃላፊ መባል ብቻውን ግን የሥራ መሪ አያሰኝምና፣ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ካልነበረዎ አዋጁ ለእርስዎም ይሠራል።) አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በ14 ዓመት አገልግሎት ሲሰላ 30 እና 13 ጊዜ 10፣ ማለትም የ160 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ድርጅቱ ራሱ በሠራተኛ ቅነሳ ቢያሰናብትዎ ግን በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርና 220 ቀን ይደርሳል፤ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዎታል። በቁጣ ወረቀት ወርውሮ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል። ከሕግ ውጭ ተሰናብቻለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ደግሞ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ሽማግሌ እየላኩ ሲጠብቁ ጊዜው ያለፈባቸውን ሰዎች ስለማውቅ ነው ይህን የማነሣው።

ጤናዎን በተመለከተ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ ምንም ነገር ደስ አለማሰኘቱ አብዛኛውን ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ራስዎን «ሰነፍሁ» ብለው አይክሰሱ፤ ሐኪም ያማክሩ። በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም በትልልቆቹ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ እዚያ መሄድ አበደ አያሰኝም። ጸበሉንም አልከለክልዎ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። የምለምንዎ እንቅልፍ ፍለጋ ወደ አረቄ እንዳይሄዱ ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ ቀስቅሶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጭንቀት አጥፍቶ ሳይሆን አብዝቶ ይጠብቅዎታል።

እንግዲህ ለሐዘኑ ቀን ይቁረጡለት። አርባ ቀን ይሁን። በእነዚህ ቀናት ይዘኑ፣ ለባለቤትዎ ያውሩ፣ ከልጁ ጋር ጉባኤ ቃናውን ይቁጠሩ፤ ስለ መልቀቅም አለመልቀቅም ምንም አይወስኑ። በአርባኛው ቀን ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ በሩ ላይ ሆኜ እየተማርሁ ነው ወይስ እየደረቅሁ? ያለኝ ዕውቀት ሌላ ቦታ ይፈለጋል ወይ? በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም እህል የሚያከማቹ ነጋዴዎችና ዩኒየኖች አሉ፤ ስንዴ በጥርሱ የሚለይ፣ ኮምፒውተሩንም የጀመረ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያን ጊዜ መልቀቅ ከመረጡ ምርጫው የቁጣ አይሆንም። የመረጡትን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአዲስ ቅዳም አካባቢ ነው የምጽፈው። ባለቤቴና እኔ ሦስት ቃዳ (ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው) መሬታችንን በሙሉ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክለን፣ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጥን፣ ከሰል እያከሰልን ቤት ሠራን፣ ልጆች አስተማርን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ችግኙ ቅርንጫፉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር እያበጀ ይደርቃል። ሁለት ጊዜ ተክለን ሁለት ጊዜ ደረቀብን። ገብሱን አልተውም ብሎ የቀረውን ጎረቤታችንን እንስቅበት ነበር፤ አሁን በደጁ ማለፍ አፈርሁ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ያያችሁት የዝገት በሽታ ነው፤ ዘሩ በነፋስ ስለሚሄድ አጥር አያግደውም፣ ይበልጥም የሚጎዳው ችግኙንና ለጋውን ነው። ዲከረንስን የመረጣችሁትም ያለ ምክንያት አልነበረም። በእናንተ አገር ዝናቡ ብዙ ስለሆነ አፈሩን አጥቦ አሲዳማ አድርጎታል፣ ገብሱም ጤፉም ምርት እየቀነሰ ነበር፤ ዛፉ ደግሞ ያንን አፈር ችሎ በቅሎ ገንዘብ ሆነ። አባቶቻችሁ የጤፍ ማሳ ላይ ዛፍ ሲተከል ባዩ ጊዜ ምን እንዳሉ ታስታውሱ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ለውጥ ነበር፣ ያን ጊዜም ያስፈራ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ መሬቱን ሁሉ ችግኝ አትሙሉት። ቆሞ የዳነውን ዛፍ እስኪደርስ ጠብቁት፤ ለማዳበሪያና ለዘር መግዣ የሚሆናችሁ እሱ ነው። ባዶውን መሬት ግን ወደ እህል መልሱ። ዲከረንስ ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚሰጥ፣ ቅጠሉም ረግፎ አፈር የሚያለማ ዛፍ ስለሆነ መሬታችሁ ከዛሬ አሥር ዓመቱ ይልቅ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህን በመላ ምት አትያዙት፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቃችሁ አፈሩን አስመርምሩ፣ አሲዱ ምን ያህል እንደሆነ ሲታወቅ ለቃዳ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግ ይነገራችኋል። ኖራው ከመዝራት ቀደም ብሎ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት፤ በዘር ቀን ላዩ ላይ የተነሰነሰ ኖራ ገንዘብ ማባከን ነው። አንዱን ቃዳ ድንች፣ አንዱን ገብስ ወይም ስንዴ አድርጉት፤ ወሰን ወሰኑን ቀርቀሃ ብትተክሉ የአገራችሁ ተክል ነው፣ ለቤትም ለገበያም ይሆናል። ሁለተኛ ሙሉ ተስፋችሁን በአንድ ተክል ላይ አታሳርፉ።

ስለ ጎረቤታችሁ ደግሞ፣ በደጁ አትለፉ፤ ግቡ። ያ ሰው በየዓመቱ እየመረጠ ያቆየው የገብስ ዘር አለው፤ እናንተ ደግሞ በሬና ጉልበት ይኖራችኋል። «ሥቀን ነበር፣ ተሳስተናል፣ ዘር አበድረን፤ በወንፈል እንከፍልሃለን» በሉት። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል። አዝኖባችሁ እንኳ ቢሆን በቤቱ የገባን ሰው ባዶ እጁን የሚመልስ የአገው ገበሬ አላውቅም።

ጥያቄ፦ አባቴ በቢቸና አካባቢ ለረጅም ዓመታት መምህር ነበር፤ ዘንድሮ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ወጣ። ጠዋት እንደ ድሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተማሪዎች ሲያልፉ ያያል። ብዙ አይናገርም። «አሁንማ ዕረፍ፣ ደክመሃል» እለዋለሁ፤ ግን ፊቱ ይጨልማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ «ዕረፍ» የሚለውን ቃል ተዪለት። ለእሱ ጆሮ «ከእንግዲህ አትፈለግም» የሚል ይመስላል። ያን ኮት የሚለብሰው የሚሄድበት ስላለው ሳይሆን ማን እንደሆነ እንዳይጠፋው ነው፤ አታስወልቂው። ከማጽናናት ይልቅ የምር የሚያስፈልግሽን ነገር ለምኚው። እሱ ብቻ የሚያውቀው፣ አንቺ የማታውቂው ነገር ይሁን። የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዲያጽፍሽ ጠይቂው፤ ጎረቤት ያሉ ሁለት ልጆች የአማርኛ ንባብ ካስቸገራቸው ከሰዓት በኋላ ወደ እሱ ላኪያቸው። ብዙ ልጅ አትሰብስቢ፤ ሁለት ይበቃል። ጠመኔውንና ትንሿን ሰሌዳ አንቺ ገዝተሽ ደጃፉ ላይ አስደግፊው፤ ምንም አትበዪው። ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ራሱ ያየዋል።